ትንንሾቹ ጥንቸሎችና ሽልማት የማታውቀው እናታቸው

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ስለ አንድ ለየት ያለ ውድድር እናወጋችኋለን። ተወዳዳሪዎቹ አይሮጡም፣ አይዘሉም፣ ኳስም አይጫወቱም። ጠረጴዛ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ዳኛው ይመዝናቸዋል፣ ጥርሳቸውን ገልጦ ያያል፣ ጆሯቸውን በማስመሪያ ይለካል። እነዚህ ተወዳዳሪዎች ድንክ ጥንቸሎች ናቸው።

«ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ አትቸኩሉ! በዚህ ውድድር ውስጥ ሒሳብ አለ፣ ባዮሎጂ አለ፣ የሕይወትና የሞት ጉዳይም አለ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍርዱን ለራሳችሁ እንተዋለን።

1. የትኛዋ ጥንቸል?

«ጥንቸል» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የምትለን በተረት ውስጥ አንበሳን የምታታልለው ብልጧ ጥንቸል ናት። ገጠር ያደገ ተማሪ ደግሞ ከቁጥቋጦ ሥር ብድግ ብላ ስትፈተለክ አይቷት ይሆናል። ይቺ የዱሯ ጥንቸል ግን ለቤቷ ጥንቸል ዘመዷ ናት እንጂ አንድ አይደሉም። በአማርኛ ሁለቱንም «ጥንቸል» ስለምንላቸው ነው የሚምታታብን። መለያው ቀላል ነው። የዱሯ ልጆች ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። የቤቷ ጥንቸል ልጆች ግን ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ይወለዳሉ። ዓይናቸው የሚገለጠው ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ፣ ከዱር ጥንቸሎች መካከል በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖር፣ በሌላ አገር የማይገኝ ዓይነት አለ። የባሌ ተራሮች አንዱ መኖሪያው ናቸው።

የዛሬው ጉዳያችን የቤቷ ጥንቸል ናት። እሷ የተገኘችው ከአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው። ሰዎች ለሥጋዋ፣ ለቆዳዋና ለጠጉሯ ብለው፣ በኋላም ለጓደኝነት ሲያረቧት ኖሩ። የሚፈልጉትን እየመረጡ በማዳቀልም ብዙ ዝርያ አወጡ። «ፍሌሚሽ ጃያንት» የሚባለው ግዙፍ ዝርያ ከ6 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የዛሬዋ ባለታሪካችን «የኔዘርላንድ ድንክ» ደግሞ አድጋ ጨርሳም እንኳ አንድ ኪሎ ስኳር ላታክል ትችላለች።

ስሟ እንደሚናገረው ይቺ ዝርያ የተገኘችው በኔዘርላንድስ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ የዚያ አገር አርቢዎች «ፖሊሽ» የምትባለውን ትንሽ ጥንቸል ከትንንሽ የዱር ጥንቸሎች ጋር አዳቀሏት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዝርያዋ ወደ እንግሊዝ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረች። የአሜሪካ ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1969 ዝርያዋን ተቀብሎ በመስፈርት መጽሐፉ ውስጥ አስገባት።

2. መስፈርት ማለት ምን ማለት ነው?

መምህራኖቻችን ፈተና ሲያርሙ የመልስ ቁልፍ ይይዛሉ አይደል? የጥንቸል ዳኛም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ዝርያ «ፍጹም የሆነችው ጥንቸል ይህን ትመስላለች» የሚል የጽሑፍ መግለጫ አለው። መስፈርት የሚባለው ይሄ ነው። ዳኛው «የቷ ታምራለች?» ብሎ በራሱ ስሜት አይፈርድም። ጠረጴዛ ላይ ያለችውን ጥንቸል ወረቀት ላይ ካለችው ጋር ያስተያያል። ሙሉ ነጥቡ 100 ነው። ለድንኳ ጥንቸል ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ቅርጿ ነው፤ ማለትም አካሏ፣ ራሷና ጆሮዋ። ቀለምና ጠጉር ከዚያ ያነሰ ነጥብ አላቸው።

የአሜሪካው መስፈርት ከሚጠይቃቸው ነገሮች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ክብደት፦ ተመራጩ 900 ግራም ገደማ ነው። ከ1 ኪሎ ከ130 ግራም ትንሽ ካለፈች ከውድድር ትወጣለች።

ጆሮ፦ አጭር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጫፉ የተድቦለቦለ። ተመራጩ ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእስክርቢቷችሁ ሲሶ ማለት ነው። ከ6 ሴንቲ ሜትር ከ3 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ አይፈቀድም።

ራስ፦ ከየትኛውም ጎን ሲታይ ክብ የሆነ፣ ከትከሻ ጋር የተጠጋ። አንገቷ ባይታይ ይመረጣል።

አካል፦ አጭርና ድፍን ያለ፣ የትከሻዋ ስፋት ከዳሌዋ ጋር እኩል የሆነ።

ዓይን፦ ትልቅ፣ ክብና ንቁ።

ጠጉር፦ ለስላሳ፣ ወደ ራሷ አቅጣጫ ሲዳበስ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው የሚመለስ።

ነጥብ ሳይቆጠር በቀጥታ ከውድድር የሚያስወጡ ነገሮችም አሉ። የላይና የታች ጥርሶች የማይገጥሙ ከሆነ፣ አፍንጫዋ ነጭ ፈሳሽ ካለው፣ ጅራቷ ከተጠማዘዘ፣ ጥፍር ከጎደላት፣ ወይም ግራ ጆሮዋ ውስጥ የተነቀሰ መለያ ቁጥር ከሌላት ውጪ ናት።

ነገሩ እንግዳ መስሎ ከታያችሁ ለፋሲካ በግ ሊገዙ የሄዱ አባቶችን አስታውሱ። ገዢው መጀመሪያ የበጉን ጥርስ ያያል፣ ከዚያ ጀርባውን ይዳስሳል፣ ላቱን ያዝ ያደርጋል። ዳኛውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ገዢው መስፈርቱን በልቡ ሲይዝ ዳኛው በመጽሐፍ መያዙ ነው።

3. ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

ጥንቸሎቹ በመጀመሪያ በቀለማቸው ይለያሉ። ከዚያ ወንዶች ለብቻ፣ ሴቶች ለብቻ፤ ከ6 ወር በታች የሆኑት ለብቻ፣ 6 ወርና ከዚያ በላይ የሆኑት ለብቻ ይሰለፋሉ። ዳኛው እያንዳንዷን እያነሳ፣ እያገላበጠ ይመረምራል። አስተያየቱንም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። የየምድቡ አሸናፊዎች እርስ በርስ ይወዳደሩና ከዝርያው አንደኛ የሆነችው ትመረጣለች። በመጨረሻም የየዝርያው አንደኞች ተገናኝተው የውድድሩ አንደኛ ትለያለች።

በአሜሪካ አንዲት ጥንቸል «ታላቅ ሻምፒዮን» ለመባል ቢያንስ ሦስት ጊዜ ማሸነፍ አለባት። ያውም በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ድል የሚቆጠረው ቢያንስ 5 ጥንቸሎች ከቢያንስ 3 ባለቤቶች ቀርበው ከሆነ ነው። ሦስቱንም ድል አንድ ዳኛ ብቻ ሰጥቷት ከሆነም አይሠራም። ይህ ሕግ የወጣው ማንም ሰው የራሱን ጥንቸሎች ብቻ አሰልፎ «ሻምፒዮን ነኝ» እንዳይል ነው። ለእኛ ዕድሜ ላሉ ልጆችም የተለየ ምድብ አለ።

4. ምስጢሩ ያለው ዘረመል ውስጥ ነው

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ከባዱ እንግባ።

ጥንቸሏ ለምን እንዲህ አነሰች? ምግብ ስለጎደላት አይደለም። ዋናው ምክንያት አንድ ዘረመል ነው። ዘረመል ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአካል አሠራር መመሪያ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በድንክ ጥንቸሎች ውስጥ ከዚህ መመሪያ 12 ሺህ ያህል የዲኤንኤ «ፊደላት» ተቆርጠው ጎድለዋል። የጎደለበትን ቅጂ «ድንክ»፣ ያልጎደለበትን «ሙሉ» እንበላቸው። ሦስት ዓይነት ልጅ ሊወለድ ይችላል፦

ሀ) ሙሉ እና ሙሉ፦ ጤነኛ ናት፣ ግን ተለቅ ትላለች፤ ጆሮዋም ረዘም ይላል። አርቢዎች «ሐሰተኛ ድንክ» ይሏታል። ከክብደት ጣሪያው ስለምታልፍ ብዙውን ጊዜ ውድድር ላይ አትቀርብም።

ለ) ድንክ እና ሙሉ፦ እውነተኛዋ ድንክ ይቺ ናት። ሽልማቱን የምትወስደው እሷ ናት።

ሐ) ድንክ እና ድንክ፦ ይቺ አትኖርም። ስትወለድ ከእህት ወንድሞቿ በጣም ታንሳለች። ራሷ ያበጠ፣ ጆሮዋ እጅግ ትንሽ፣ ዳሌዋ የቀጠነ ነው። አርቢዎች «ኦቾሎኒ» ብለው ይጠሯታል። አብዛኞቹ ኦቾሎኒዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ወተት ቢጨመርላቸው፣ ሙቀት ቢደረግላቸው የሚፈይደው ነገር የለም።

እንግዲህ ልብ በሉ! ሪባን አንገቷ ላይ የታሰረላት ቆንጆዋ ድንክ ያንን የሚገድል ዘረመል አንድ ቅጂ ተሸክማ ነው የምትኖረው። አንድ ሲሆን ያሳጥራል፣ ሁለት ሲሆን ይገድላል።

5. በሳንቲም እንጫወት

ይህን በወሬ ብቻ አትመኑን፤ ራሳችሁ ሞክሩት። ሁለት ተማሪዎች አንድ አንድ ባለ 1 ብር ሳንቲም ያዙ። አንዱ እናት፣ አንዱ አባት ነው። የአንበሳው ጎን (ጎፈር) «ድንክ» ይሁን፤ ሌላው ጎን (ዘውድ) «ሙሉ» ይሁን። ሁለታችሁም አንድ ላይ ወደ ላይ ወርውሩ። የወጣው አንድ ልጅ ነው። 40 ጊዜ ወርውሩና መዝግቡ።

ሁለት ጎፈር ወደ 10 ጊዜ፣ ጎፈርና ዘውድ ወደ 20 ጊዜ፣ ሁለት ዘውድ ወደ 10 ጊዜ ይወጣል። ልክ 10፣ 20፣ 10 ላይሆን ይችላል፤ ዕድል ስለሆነ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሁለት እውነተኛ ድንኮች ሲዳቀሉ ከ40 ልጆች 10ሩ ኦቾሎኒ ሆነው ይሞታሉ፣ 20ው ድንክ ይሆናሉ፣ 10ሩ ትልልቅ ይሆናሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ እንዲህ ነው። እናትየዋ ትልቋ «ሐሰተኛ ድንክ» ትሁን። እሷ ያላት «ሙሉ» ብቻ ስለሆነ ሳንቲሟን በዘውድ ጎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ አይወረወርም። አባትየው ብቻ 40 ጊዜ ይወርውር። ምን ወጣ? ወደ 20 ድንክ፣ ወደ 20 ትልቅ። ኦቾሎኒ? ዜሮ!

አሁን ሁለቱን ጨዋታዎች አስተያዩ። በመጀመሪያው 20 ድንክ ተገኘ፣ በሁለተኛውም 20 ድንክ ተገኘ። እኩል ነው! ልዩነቱ በመጀመሪያው አሥር ሕፃናት መሞታቸው፣ በሁለተኛው ማንም አለመሞቱ ነው። እዚህ ላይ ክፍላችን ውስጥ ስንሞክረው አንዱ ልጅ «እንዴ! ታዲያ ሁለት ድንኮችን ማዳቀል ምን ያደርጋል?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

6. አርቢዎች ለምን አይስማሙም?

ሁለት ድንኮችን የሚያዳቅሉ አርቢዎችም የራሳቸው መልስ አላቸው። የጥንቸል ቅርጽ በአንድ ዘረመል ብቻ አይወሰንም። የጆሮ ርዝመት፣ የራስ ክብነት፣ የትከሻ ስፋት ሌሎች ብዙ ዘረመሎችም አሉባቸው። «ትልቋን እናት ከተጠቀምን ልጆቹ ድንክ ቢሆኑም እንኳ ረዘም ያለ ጆሮ ሊወርሱ ይችላሉ» ይላሉ። ይህ ውሸት አይደለም።

በትልቋ እናት የሚጠቀሙት ደግሞ እንዲህ ይመልሳሉ፦ «ስለዚህ እናቲቱን መርጣችሁ ያዙ!» ትልቅ ብትሆንም ራሷ ክብ፣ አካሏ ድፍን፣ ዘሯ የታወቀ እናት አለች። ደግሞም ሌላ ጥቅም አላት። ድንኳ እናት ዳሌዋ ጠባብ ስለሆነ፣ የልጆቿም ራስ ክብና ትልቅ ስለሆነ፣ ምጥ ይጠናባታል፤ ልጅ ተቀርቅሮ እሷም የምትሞትበት ጊዜ አለ። በአንድ ጊዜ የምትወልደውም ከሁለት እስከ አራት ያህል ብቻ ነው። ትልቋ እናት ግን በቀላሉ ትገላገላለች፤ ብዙ ጊዜም ከድንኳ የበለጠ ቁጥር ትወልዳለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ ነገሩ። ዳኛው ፊት ያልቀረበች፣ ሪባን አንገቷን ነክቶት የማያውቅ እናት የሻምፒዮኖች እናት ትሆናለች። መስፈርቱ የሚያየው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነው፤ ጎጆ ውስጥ የቀረችውን አያይም።

7. ከጋብቻ እስከ ጠረጴዛ

ጎበዝ አርቢ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ባጭሩ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የዘር ሐረግ ይጽፋል። እናትና አባት፣ አያቶች፣ ቅድመ አያቶች፣ ክብደታቸውና ቀለማቸው ይመዘገባል። ማን ስንት ኦቾሎኒ እንደወለደችም መጻፍ አለበት፤ የሞተውን ያልቆጠረ መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው።

ቀጥሎ ሴቷን ወደ ወንዱ ጎጆ ይወስዳታል። ወንዱን ወደ እሷ ቢወስድባት «ቤቴን ደፈርክ» ብላ ልትነክሰው ትችላለች። እርግዝናዋ 31 ቀን ያህል ነው። በ28ኛው ቀን ገደማ ገለባ ወይም ድርቆሽ ያለበት የመውለጃ ሳጥን ይሰጣታል። እሷም የሆዷን ጠጉር እየነጨች ለልጆቿ ታነጥፋለች። እናት መቼም እናት ናት!

እናቲቱ ልጆቿን የምታጠባው በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ልጆቿን ረሳች» ይላል። ኦቾሎኒ ሲሞትም «እናቲቱ ናት የገደለቻት» ብሎ ይፈርድባታል። ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። ማን ከማን ጋር እንደሚዳቀል የወሰነው ሰውዬው ነው።

ልጆቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጡት ይተዋሉ። ዋና ምግባቸው ድርቆሽ ነው። የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ሁልጊዜ የሚያኝኩት ነገር ያስፈልጋቸዋል። የድንክ ጥንቸል ፊት በጣም ካጠረ መንጋጋዋ ይዛነፍና ጥርሶቿ ሳይገጣጠሙ ይቀራሉ። ያልተገጣጠመ ጥርስ አያልቅም፣ ዝም ብሎ ያድጋል፤ በመጨረሻም መብላት ያቅታታል። ዳኛው ጥርስ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

8. ቁም ነገሩ

መስፈርት መጥፎ ነገር አይደለም። መስፈርት ባይኖር ዳኛው ለወዳጁ ይፈርድ ነበር። ጥርሷ የተዛነፈውን፣ አፍንጫዋ የታመመውን የሚያስወጣውም መስፈርቱ ነው። ችግር የሚመጣው ሰው «ትንሽ ማለት ቆንጆ ማለት ነው» ብሎ ሌላውን ሁሉ ሲረሳ ነው። ራሷ ይበልጥ ክብ፣ ፊቷ ይበልጥ አጭር ይሁን ሲል ጥርሷን ያጣል፤ የበለጠ ድንክ ሲፈልግ ሕፃናቱን ያጣል። አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ያሉት ለዚህ አይነቱ ነው። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለውም እዚህ ይሠራል።

እኛ ጥንቸል ባናረባም ዶሮ የምናረባ፣ በግ የምንጠብቅ ቤታችን ሞልቷል። የትኛው አውራ፣ የትኛዋ እናት ትቅር ብለን የምንመርጥ ከሆነ እኛም አርቢዎች ነን። ስንመርጥ መልኩን ብቻ ሳይሆን የተወለዱትን፣ ያደጉትንና የሞቱትንም እንቁጠር። አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ይበቃል።

የወሩ ጥያቄ፦ አንድ አርቢ ሁለት ትልልቅ «ሐሰተኛ ድንኮችን» አዳቀለና 8 ልጆች ተወለዱ። ከ8ቱ ስንቱ እውነተኛ ድንክ ይሆናሉ? ስንቱስ ኦቾሎኒ? ሳንቲም ሳትወረውሩ መልሱ። መልሳችሁን ከነምክንያቱ በወረቀት ጽፋችሁ የክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። በትክክል የመለሱትን ስም በሰልፍ ሰዓት በሚኒ ሚዲያችን እናነባለን።

እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የሳይንስ ዓምድ አዘጋጆች